ያለፈው ይቀላል፣ የአሁኑ ይከብዳል፦ የፋርስኛ ኃላፊ ጊዜ እና "ማን አደረገው?" የሚለው ጥያቄ

ፋርስኛ መማር የሚጀምር ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል። በዚህ ቋንቋ ያለፈው ጊዜ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው የአሁኑ ነው።

"ረፍተን" ማለት መሄድ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው "ኧን" ስትቆረጥ "ረፍት" ይቀራል፤ ሄደ ማለት ነው። ከዚያ ባለቤቱን የምትጠቁም ትንሽ ቅጥያ መጨመር ብቻ ነው። ረፍተም ሄድኩ፣ ረፍቲ ሄድክ፣ ረፍቲም ሄድን፣ ረፍቲድ ሄዳችሁ፣ ረፍተንድ ሄዱ። በዚሁ መንገድ ከ"ዲደን" (ማየት) "ዲደም"፣ ከ"ጎፍተን" (ማለት) "ጎፍተም"፣ ከ"ከርደን" (ማድረግ) "ከርደም" ይወጣል። ማፈንገጥ የለም ማለት ይቻላል።

ወደ አሁኑ ጊዜ ሲመጣ ግን መሬቱ ይናወጣል። "አየሁ" ዲደም ከሆነ "አያለሁ" ሚቢነም ይሆናል። "አደረግሁ" ከርደም ሲሆን "አደርጋለሁ" ሚኮነም ነው። "አልኩ" ጎፍተም፣ "እላለሁ" ደግሞ ሚጉየም። ተማሪው የእያንዳንዱን ግስ የአሁን ሥር ለብቻው መሸምደድ አለበት። ያለፈውን ደንብ ይሰጠዋል፤ የአሁኑን ግን በቃሉ ይይዛል።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን የፋርስኛን ያለፈ ጊዜ ማወቅ በአንድ ወቅት ግብር የሚያስሰበስብ፣ ችሎት የሚያስይዝ፣ አገር የሚያስገዛ ዕውቀት ነበር። ታሪኩም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል። የተደረገውን ነገር ማን አደረገው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአማርኛ ተናጋሪ ዕድል

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልብ እንበል። ፋርስኛና አማርኛ ዝምድና የላቸውም። አንዱ ከግሪክኛና ከሳንስክሪት ወገን፣ ሌላው ከግዕዝና ከዐረብኛ ወገን ነው። ሆኖም ያለፈውን ጊዜ የሚከፋፍሉበት መንገድ በሚያስገርም ሁኔታ ይመሳሰላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ላብ የሚያወጣበትን ቦታ አማርኛ ተናጋሪ እያፏጨ ያልፈዋል።

"ረፍት" ሄደ ነው። "ረፍቴ አስት" ሄዷል ነው። "ረፍቴ ቡድ" ሄዶ ነበር ነው። "ሚረፍት" ይሄድ ነበር ነው። በንግግር የሚዘወተረው "ዳሽት ሚረፍት" ደግሞ እየሄደ ነበር ነው። አምስቱ ከአምስቱ ጋር ገጥመዋል።

አሠራራቸውም ይቀራረባል። "ሄጃለሁ" የሚለውን ቃል ብንፈታው "ሄጄ" እና "አለሁ" ይወጡታል። "ረፍቴ ኧም"ም እንዲሁ "ረፍቴ" እና "ነኝ" ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች የተፈጸመውን ድርጊት ከመኖር ጋር አጣብቀው "ነገሩ አልፏል፣ ውጤቱ ግን እዚህ አለ" የሚሉበትን መንገድ ለየብቻቸው አገኙት።

መላምትም እንደዚያው ነው። "ብትነግረኝ ኖሮ እሄድ ነበር" ስንል ልማድ የምንናገርበትን "እሄድ ነበር" ላልሆነ ነገር እናውለዋለን። ፋርስኛም "ሚረፍተም" የምትለውን ለሁለቱም ትጠቀምባታለች። ከሁሉ የሚጥመው ደግሞ ይህ ነው። እናት ከጓዳ ስትጠራ ልጅ ከተቀመጠበት ሳይነሳ "መጣሁ!" ይላል። ቴህራን ውስጥ ያለ ልጅም ሳይነሳ "አመደም!" ይላል። ቃሉ ቀጥታ ትርጉሙ "መጣሁ" ነው። ያልተነሳ ሰው በኃላፊ ጊዜ ሲመጣ ሁለቱም አገር እናት ታውቀዋለች።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ ቀላልም አይደለም። ፋርስኛ ጾታ የላትም። "ረፍት" ሄደም ነው፣ ሄደችም ነው። "እሱ"ና "እሷ"ም በአንድ ቃል "ኡ" ይባላሉ። "መታ" የሚል ምስክርነት ሲቀርብ ማን እንደመታ የሚታወቀው ከግሱ ሳይሆን ከዙሪያው ነው።

ያየና የሰማ

የ"ረፍት" እና የ"ረፍቴ አስት" ልዩነት ከጊዜ ቅርበትና ርቀት ያለፈ ነገር ይዟል። ጠዋት ተነስቶ መሬቱ ረጥቦ ያየ አማርኛ ተናጋሪ "ሌሊት ዘንቧል" ይላል። "ዘነበ" ካለ ግን ሲዘንብ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ይመስላል። ፋርስኛ ተናጋሪም እርጥቡን መሬት አይቶ "ባራን አመዴ" ይላል፤ ዝናብ መጥቷል እንደማለት ነው። ዝናቡን ራሱን አላየም፤ ምልክቱን አይቶ ደመደመ።

ፋርስኛ ይህን መንገድ አርቃ ወስዳዋለች። ተራኪው በዓይኑ ያላየውን፣ ከሌላ የሰማውን ልማድ ለመናገር "ሚረፍቴ አስት" የሚል ለብቻው የቆመ ቅርጽ አላት። "ይሄድ እንደነበር ይነገራል" ብለን በሦስት ቃል የምናመጣውን ግሱ ራሱ ይሸከመዋል። ለታሪክ ጸሐፊ፣ ለዳኛና ለጋዜጠኛ ይህ ጌጥ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። በዓይን የታየውንና በጆሮ የተሰማውን የሚለይ ሰዋስው ነውና።

እንግዲህ አንድ ባዕድ ኩባንያ በዚህ ቋንቋ የተጻፈ የችሎት መዝገብ ይዞ ሊፈርድ ቢቀመጥ ምን ሊደርስ እንደሚችል መገመት አይከብድም። ከዚያ በፊት ግን ግሱ ራሱ ከየት እንደመጣ እንይ።

"የእኔ፣ የተደረገ"

በምዕራብ ኢራን፣ ከከርማንሻህ ብዙም ሳይርቅ፣ ቢሶቱን የሚባል ገደል አለ። ዳርዮስ ቀዳማዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ522 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ገድሉን በዚህ ገደል ላይ በሦስት ቋንቋ አስቀረጸ፤ በጥንታዊ ፋርስኛ፣ በኤላምኛና በባቢሎንኛ።

ጽሑፉ ክርክር ነው። ዳርዮስ የገደለው ንጉሥ እውነተኛው የቂሮስ ልጅ ባርዲያ ሳይሆን ራሱን ባርዲያ ያስመሰለ ጋውማታ የተባለ አታላይ ነው ይላል። ከዘመናችን ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ይህን ይጠራጠሩታል፤ የተገደለው እውነተኛው ባርዲያ ሊሆን ይችላል ባዮች ናቸው። ዳርዮስም ጥርጣሬው የገባው ይመስላል፤ አንባቢው ይህን ውሸት ነው ብሎ እንዳያስብ አጥብቆ ያሳስባል። ሥልጣን ያለፈውን ጊዜ በድንጋይ ሲጽፍ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነም።

ለሰዋስው ተመራማሪ ግን ድንጋዩ ሌላ ሀብት አለው። ዳርዮስ "አደረግሁ" የሚለውን በሁለት መንገድ ይናገረዋል። አንዱ "አኩነወም" የሚል የጥንት ግስ ነው። ሁለተኛው "መና ከርተም" ይላል፤ ቃል በቃል "የእኔ፣ የተደረገ" ማለት ነው። በዚህኛው ድርጊቱ ፊት ይቆማል፤ አድራጊው እንደ ባለንብረት ከጎኑ ይጠቀሳል።

በሚቀጥሉት መቶ ዓመታት አንደኛው መንገድ ጠፋ፤ ሁለተኛው ተረፈ። በሳሳናውያን ዘመን የነበረው መካከለኛ ፋርስኛ "መን ከርድ" ይል ነበር፤ "በእኔ የተደረገ" እንደማለት። እንደ መሄድና መምጣት ያሉት ግሶች ደግሞ "ነኝ" የሚለውን ቃል ከኋላቸው ያስከትሉ ነበር። ዘመን ሲገፋ ያ "ነኝ" ከግሱ ጋር ተጣበቀና "ረፍተም"፣ "አመደም" ሆነ። "ከርድ"ም የጓደኞቹን ፈለግ ተከትሎ "ከርደም" ተባለ። "ሄደ" ላይ ብቻ ቅጥያ የሌለው ለዚህ ነው፤ በሦስተኛ መደብ "ነው" የሚለው ረዳት ቀድሞውኑ ይቀር ነበር።

ጀማሪው ተማሪ "ለምን ያለፈው ይህን ያህል ሥርዓት ያዘ?" ቢል መልሱ እዚህ ነው። የፋርስኛ ኃላፊ ጊዜ አሮጌው ሲፈርስ በአንድ ዓይነት ጡብ እንደገና የተሠራ ቤት ነው። የአሁኑ ጊዜ ግን ከጥንት እንደወረደ የቀረ፣ በየዘመኑ የተሸረፈ አሮጌ ግንብ ነው። የፋርስኛ ዘመዶች የሆኑት ኩርማንጂ ኩርድኛና ፓሽቶ የቀድሞውን መንገድ ዛሬም አልተዉትም። በእነሱ "ፖሙን በላሁት" ሲባል ግሱ የሚስማማው ከበይው ጋር ሳይሆን ከፖሙ ጋር ነው።

የኩባንያው ተማሪዎች

ከቢሶቱን ወደ ካልካታ እንሻገር። ሙጋሎች በህንድ ሲነግሡ የቢሮ ቋንቋቸው ፋርስኛ ነበር። በአክበር ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ የግብር መዝገቡም በፋርስኛ እንዲያዝ ተደረገ። አዋጅ፣ የመሬት ሰነድ፣ የችሎት ቃል፣ የነገሥታት ደብዳቤ በዚሁ ቋንቋ ይጻፍ ነበር።

በ1765 የእንግሊዙ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ከንጉሥ ሻህ አለም በቤንጋል፣ በቢሃርና በኦሪሳ ግብር የመሰብሰብ መብት ወሰደ። ነጋዴው በአንድ ቀን ገዥ ሆነ። ችግሩ ገዥው የሚገዛበትን ወረቀት ማንበብ አለመቻሉ ነበር። ማን መሬት እንደያዘ፣ ማን ግብር እንደከፈለ፣ ማን እንደተማረ፣ ይህ ሁሉ በፋርስኛ ኃላፊ ጊዜ ተጽፎ ተቀምጧል።

በ1771 ዊልያም ጆንስ የተባለ የ25 ዓመት ገደማ ወጣት ለንደን ላይ የፋርስኛ ሰዋስው አሳተመ። ያን ጊዜ ፋርስንም ህንድንም በእግሩ አልረገጠም። በመቅድሙ የኩባንያው ሰዎች የሚደርሳቸውን ደብዳቤ ማንበብ እንዳልቻሉ፣ የአገሬውን ሰው አስተርጓሚ አድርጎ ማመንም አደገኛ ሆኖ እንደተገኘ ጽፏል። ቋንቋውን ራሳችን እንማር የሚለው ሐሳብ ከፍቅር ብቻ አልተነሳም፤ ካለመተማመንም ጭምር ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ይጣመማል። በ1760ዎቹ ሚርዛ ኢተሳሙዲን የተባለ የቤንጋል ሙንሺ፣ ማለትም ፋርስኛ አዋቂ ጸሐፊ፣ ወደ እንግሊዝ ተጉዞ ነበር። በኋላ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ እንደሚተርከው ጆንስን ኦክስፎርድ ላይ አግኝቶታል። "ፈርሀንጌ ጀሃንጊሪ" ከተባለው ትልቅ መዝገበ ቃላት የሰዋስው ክፍሉ ሲተረጎም እንዳገዘ፣ ጆንስም ያንን ለመጽሐፉ እንደተጠቀመበት ይናገራል። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የቀረው ስም ግን የጆንስ ብቻ ነው። የአገሬው ሰው አይታመንም የሚለው መጽሐፍ ሲዘጋጅ የአገሬው ሰው እጅ ነበረበት።

ሥራው በዚህ አልቆመም። በ1800 ካልካታ ላይ የፎርት ዊልያም ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1806 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ የኩባንያው ወጣት ሹማምንት የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ተቋቋመ። በየክፍሉና በየበረንዳው ሙንሺዎች ተቀምጠው ለነገ ገዥዎቻቸው "ረፍተም፣ ረፍቲ፣ ረፍት" ያስቆጥሩ ነበር። ደመወዝ ተከፍሏቸዋል፤ አብዛኞቹ ስማቸው አልተነሳም።

ከገመዱ ጫፍ ያለው ልጅ

ከኩባንያው ፋርስኛ ተማሪዎች አንዱ ሄንሪ ሮሊንሰን ነበር። በ1827 በ17 ዓመቱ ህንድ ገባ፤ ቋንቋውን እዚያ ተማረ፤ በኋላ የሻሁን ጦር እንዲያሠለጥን ወደ ፋርስ ተላከ። በ1835 ከርማንሻህ ሲመደብ ቢሶቱን ከፊቱ ተደቀነ። ገደሉን እየወጣ ጽሑፉን መገልበጥ ጀመረ።

ጀርመናዊው ግሮተፈንድ በ1802 ከሌላ ጽሑፍ ጥቂት ፊደላትን ለይቶ ነበር። የቢሶቱን ርዝመት ግን ሥራውን ሌላ ደረጃ ላይ አደረሰው። ሮሊንሰን የጥንታዊ ፋርስኛውን ንባብና ትርጉም በ1846 እና 1847 አሳተመ። ዛሬ "መና ከርተም" የሚለውን ማንበብ የተቻለው በእሱና በዘመኑ ሌሎች ተመራማሪዎች ድካም ነው።

ሆኖም የባቢሎንኛው ክፍል ሮሊንሰን ሊደርስበት ከማይችል ቦታ ላይ ነበር። በ1847 አንድ የኩርድ ልጅ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የእንጨት ችካል እየመታ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ገደሉን ተሻገረና ጽሑፉን በእርጥብ ወረቀት እያተመ አወጣው። ይህን የነገረን ሮሊንሰን ራሱ ነው። የልጁን ስም ግን አልነገረንም። የባቢሎንኛው ቅጂ ለባቢሎንና ለአሦር ጽሑፎች መፈታት ትልቅ በር ከፍቷል። ድንጋዩ ላይ "የእኔ፣ የተደረገ" ያለው ንጉሥ ስሙ ተርፏል። ወረቀቱ ላይ የሮሊንሰን ስም ተርፏል። ነፍሱን አስይዞ የወጣው ልጅ ግን "አንድ የኩርድ ልጅ" ሆኖ ቀረ።

በሩ ሲዘጋ

ኩባንያው ፋርስኛን በሚማርበት ዘመን ህንዳውያን ራሳቸው ቋንቋውን ለአደባባይ ክርክር ያውሉት ነበር። ራም ሞሃን ሮይ በ1822 ካልካታ ላይ "ሚራቱል አኽባር" የተባለ የፋርስኛ ጋዜጣ መሠረተ። በ1823 መንግሥት ጋዜጣ የሚያወጣ ሁሉ ፈቃድ ይጠይቅ ሲል ሮይ ደንቡን በመቃወም ጋዜጣውን ዘጋ። አንድ ቋንቋ የገዥ መሣሪያም፣ የተገዥ ድምፅም ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ቀጥሎ የመጣው ታሪክ አጭርና ጨካኝ ነው። በ1835 መንግሥት የትምህርት ገንዘቡን ወደ እንግሊዝኛ አዞረ። በ1837 የወጣው ሕግ ደግሞ ፋርስኛን ከፍርድ ቤትና ከግብር ቢሮ ለማስወጣት መንገዱን ከፈተ። በታችኛው እርከን ቤንጋልኛ፣ ኡርዱና ሌሎች የየአካባቢው ቋንቋዎች ተተኩ፤ በላይኛው እንግሊዝኛ ነገሠ።

ሚዛኑን መጠበቅ ይገባል። ፋርስኛ የቤንጋል ገበሬ ቋንቋ አልነበረም። በቤንጋልኛ የሰጠው ቃል በፋርስኛ ሲጻፍ የተጻፈበትን አያውቅም ነበር። ችሎቱ በሕዝቡ ቋንቋ ይሁን የሚለው ክርክር እውነት ነበረው። ነገር ግን ውሳኔው ሌላ ውጤትም አመጣ። በሁለት ወይም በሦስት ትውልድ ውስጥ የተማረው ህንዳዊ የአያቱን የመሬት ሰነድ፣ የመንግሥቱን ዜና መዋዕል፣ የከተማውን የክስ መዝገብ ማንበብ የማይችል ሆነ። ያለፈውን ለማንበብ የሚያስችለው ቁልፍ በልዩ ባለሙያዎችና በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት እጅ ገባ። ኩባንያው ያለፈውን ጊዜ ተማረ፣ ተጠቀመበት፣ ከዚያ በሩን ዘግቶ ሄደ።

የእኛው ሙንሺ

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ከጆንስ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 ሮም ላይ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። የመካነ ሥላሴው መነኩሴ በ1652 እስከ ጎታ ድረስ ሄደው ስለ አገራቸውና ስለ ቋንቋዎቿ አስተማሩት። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከብ ሰጥሞ ሞቱ። ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስዉን በ1698 አሳተመ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ሉዶልፍ ያስተማሩትን ሰው ስም አልደበቀም። ዕውቀቱ ከማን እንደመጣ በመጻሕፍቱ ጽፏል፤ የመምህሩንም ምስል አሳትሟል። ስለዚህም ዛሬ "የአማርኛ ጥናት በአውሮፓ" ሲነሳ አባ ጎርጎርዮስ ይነሳሉ። የጆንስ መጽሐፍ ሲነሳ ግን ኢተሳሙዲንን የሚያነሳ ጥቂት ነው።

ሁለቱን ያራራቃቸው የዕውቀት መጠን አይደለም። አንዱ "ተደረገ" ሲል ሌላው "እሳቸው አደረጉት" ማለቱ ነው። በዜና አርዕስት ውስጥ "ተገደሉ"፣ "ተፈናቀሉ"፣ "ተወሰነ" የሚሉ ግሶች በየቀኑ ሲያልፉ አንባቢ መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው። ማን? ያየ ነው የተናገረው ወይስ የሰማ? ዳርዮስ ላዘዘውም ላላዘዘውም ስሙን በድንጋይ ጻፈ። ቋንቋ የምትፈቅደው ሁሉ ግን እውነት አይደለም፤ ግሱ ባለቤት አለው ማለት ባለቤቱ ትክክለኛው ነው ማለት አይደለም።

ዛሬ ፋርስኛ በኢራን፣ ዳሪ ተብላ በአፍጋኒስታን፣ ታጂክኛ ተብላ በታጂኪስታን ትነገራለች። ወደ እሷ የሚገባ ጀማሪ በመጀመሪያው ወር "ረፍተም" ማለትን ይለምዳል፤ ደስም ይለዋል፤ ያለፈው ቀላል ነውና። ቅጥያዋ "እኔ" ትላለች፤ "አንተ" ትላለች፤ "እነሱ" ትላለች። ስለ ሦስተኛው ሰው ሲወራ ግን ቅጥያ የለም፤ ባዶ ነው። በዚያ ባዶ ቦታ ማን እንደቆመ ለማወቅ ሰዋስው አይበቃም። መዝገብ ማገላበጥ፣ ምስክር መስማት፣ የተደበቀ ስም መፈለግ ይጠይቃል። ያለፈውን ጊዜ መርባት የአንድ ወር ትምህርት ነው፤ ባለቤቱን ማግኘት ግን ትውልድ የሚፈጅ ሥራ ነው።